ኤንዛይምና ሙቀት፤ በሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ ትምህርት አቀራረብ ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለ ኤንዛይም ከሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ተማሪው አጥብቆ የሚይዘው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ይኸውም «ኤንዛይም በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሠራል፤ ከዚያ ብዙ ከሞቀ ይሞታል» የሚለው ነው። በቦሌም ሆነ በኮተቤ የሚማር ወጣት ይህን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዞ ወደ ፈተና ይገባል፤ ፈተናውን ካለፈም በኋላ አብሮት ይኖራል። አባባሉ አጭር በመሆኑ ለማስታወስ ይቀላል። ይሁን እንጂ ለማስታወስ መቅለሉ ለትክክለኛነቱ ማስረጃ አይሆንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አባባሉ የት ላይ እንደሚጸናና የት ላይ እንደሚወድቅ መርምሮ በምን ሊተካ እንደሚገባ ማመልከት ነው።

የአባባሉ መሠረት

አባባሉ ከአንድ የታወቀ የክፍል ሙከራ የመነጨ ነው። በጥሬ ጉበት ወይም በጥሬ ድንች ላይ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ሲፈስበት አረፋ ይወጣል፤ የተቀቀለው ላይ ሲፈስ ግን ምንም አይታይም። ሙከራው ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ከአንድ ጉበት የተገኘው ውጤት የኤንዛይም ሁሉ ሕግ ሆኖ በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ነው። ፍርዱ ከማስረጃው አልፎ ይሄዳል።

«ይሞታል» የሚለው ቃልም ሌላ ስሕተት ያስከትላል። ኤንዛይም ሕይወት ያለው ነገር ባለመሆኑ አይሞትም። በሙቀት ጊዜ የሚሆነው የታጠፈው የፕሮቲን ሰንሰለት መፈታቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰንሰለቱ ራሱ አይበጠስም። «ይሞታል» ብሎ የተማረ ልጅ ስለ ቅርጽ ለመጠየቅ ምክንያት አያገኝም።

ቦሌ ላይ የታየው ተቃራኒ ምሳሌ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ በቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ በኩል ያለፉ እጅግ ብዙ መንገደኞች የፒ.ሲ.አር. ምርመራ ማስረጃ እንዲይዙ ተጠይቀዋል። በከተማው ውስጥ የምርመራው ስም ከሕፃን እስከ አዋቂ የታወቀ ሆነ። ምርመራው የሚሠራው ዲ.ኤን.ኤ.ን በ95 ዲግሪ አካባቢ እያሞቁ ሁለቱን ክሮች በመለያየት፣ ከዚያም እያበረዱ እንደገና በማባዛት ነው፤ ይህም በደርዘን ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። የማባዛቱን ሥራ የሚያከናውነው ታክ ፖሊመሬዝ የተባለው ኤንዛይም ወይም የእርሱ ዘመድ ነው። የክፍሉ አባባል እውነት ቢሆን ኖሮ ይህ ኤንዛይም ከመጀመሪያው ዙር ማለፍ ባልቻለም ነበር።

የኤንዛይሙ ምንጭ ቴርመስ አኳቲከስ የተባለው ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያ ነው። ይህን ባክቴሪያ በአሜሪካ ከሚገኙት የየሎውስቶን ፍል ውሃዎች አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1969 ለሳይንስ ያሳወቁት ቶማስ ብሮክና ሀድሰን ፍሪዝ ናቸው። ኤንዛይሙ ተጣርቶ የተገለጸው በ1976 ነው፤ ካሪ ሙሊስ የፒ.ሲ.አር.ን ዘዴ ያፈለቀው በ1983 ነው። በመጀመሪያ ጥቅም ላይ የዋለው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ኤንዛይም በየዙሩ በሙቀት ስለሚፈታ በእያንዳንዱ ዙር አዲስ መጨመር ያስፈልግ ነበር።

ነገሩን ወደ ተማሪው ማድቤት ማቅረብ ይቻላል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ታክ ፖሊመሬዝ ደግሞ በተስማሚ ውህድ ውስጥ ሆኖ በ92.5 ዲግሪ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ የሥራ ኃይሉን ግማሽ ያህል እንደያዘ ይገኛል። የጉበቱን ኤንዛይም ከጥቅም ውጭ የሚያደርገው የቦሌ ምድጃ ይህንኛውን ሊፈታው አልቻለም ማለት ነው።

ልዩነቱ የሚገኝበት ስፍራ

ታክ ፖሊመሬዝ 832 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሰንሰለት ነው። አሚኖ አሲዶቹ በየትኛውም ሕይወት ያለው ነገር ውስጥ የሚገኙት ናቸው፤ ለሙቀት የተለየ ንጥረ ነገር የለም። ቅርጹ እ.ኤ.አ. በ1995 በኤክስ ሬይ ሲታወቅም ዋናው ክፍል ከኢ. ኮላይ ኤንዛይም ጋር እጅግ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ በዝርዝሩ ውስጥ ነው፤ ውሃን የሚሸሹት አሚኖ አሲዶች በመካከሉ ይበልጥ ተጠጋግተው ታጭቀዋል፣ እርስ በርስ የሚገፋፉ ቻርጆችም ቀንሰዋል። ማክስ ፐሩትዝም በ1975 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት ጥቂት ተጨማሪ የቻርጅ መሳሳቦች ብቻ አንድን ፕሮቲን ሙቀት እንዲችል ሊያደርጉት እንደሚችሉ አስረድቶ ነበር። ቴርሞላይሲን የተባለው ሌላው ኤንዛይም ደግሞ በአራት የካልሲየም አዮኖች ተይዞ ይጸናል። እንግዲህ መንገዱ አንድ አይደለም፤ እያንዳንዱ ኤንዛይም የራሱ አሠራር አለው።

ለተማሪው ሁለት ሰፌዶችን ማሳየት ይበቃል። ሣሩ አንድ ዓይነት፣ ቅርጹም አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ላላ ብሎ፣ ሌላው ጠብቆ ተሰፍቷል። ሲነቀነቁ የላላው ቀድሞ ይፈታል።

መጥበቁ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ኤንዛይም ለመሥራት መተጣጠፍ አለበትና። ታክ ፖሊመሬዝ በሴኮንድ የሚቀጥለው የኑክሊዮታይድ ብዛት ሲለካ በ22 ዲግሪ 0.25፣ በ37 ዲግሪ 1.5፣ በ55 ዲግሪ 24፣ በ70 ዲግሪ ከ60 በላይ ሆኗል። በአዲስ አበባ ክፍል ሙቀት በአራት ሴኮንድ አንድ ብቻ የሚቀጥለው ኤንዛይም በ70 ዲግሪ ከ240 እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ለሁሉም ተስማሚ ነው የተባለው 37 ዲግሪ ለእርሱ ብርድ ነው።

ሁለተኛው ግማሽ እውነት

ይህን የተረዳ መምህር «ከሙቅ ቦታ የመጣ ኤንዛይም ሙቀት ይችላል» የሚል አዲስ ሕግ ለመጻፍ ይቸኩል ይሆናል። ይህም መታረም አለበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አማረ ገሠሠ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት ከአንድ አልካላይ ወዳድ ባሲለስ ሁለት ዛይላኔዞችን፣ ማለትም ከእንጨትና ከአገዳ ክፍሎች አንዱ የሆነውን ዛይላን የሚፈቱ ኤንዛይሞችን፣ አጣርተው ገልጸዋል። የአንዱ ክብደት 23,000፣ የሌላው 48,000 ዳልተን ነው፤ ሁለቱም ብርቱ አልካላይ በሆነ ውህድና በ60 ዲግሪ አካባቢ መሥራት ይችላሉ። ባክቴሪያው ግን በይበልጥ የሚታወቀው አልካላይን በመውደዱ እንጂ ሙቀትን በመውደዱ አይደለም። እኚሁ ተመራማሪ በ1997 ባወጡት ሌላ ጥናት ባክቴሪያውን በኑግ ፋጉሎ እያሳደጉ ፕሮቲን የሚፈታ ኤንዛይም ማምረት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ጥናቱ የኤንዛይሞቹን ባሕርይ ይገልጻል እንጂ ቅርጻቸውን አተም በአተም አያሳይም። ቢሆንም ለክፍሉ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የመኖሪያው ቦታ ፍንጭ ይሰጣል፣ የሚወስነው ግን የሞሌኪውሉ አሠራር ነው። እንዲህ ያለ ምሳሌ በአገር ውስጥ እያለ፣ አልካላይ የሆነው የአረንጓዴ ሐይቅም ቢሾፍቱ አጠገብ እያለ፣ የምሥራቅ አዲስ አበባ ተማሪ ስለ ኤንዛይም የሚያውቀው ሁሉ ከሰው ሆድ ዕቃ ብቻ የተወሰደ መሆኑ ጉድለት ነው።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞና የመፍትሔ ሐሳብ

የተለመደውን አቀራረብ የሚደግፉ መምህራን ሁለት ነጥቦችን ያነሣሉ። አንደኛው፣ የ37 ዲግሪው ሕግ ለሰው አካል ይሠራል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህ «የሰው ኤንዛይሞች አብዛኛዎቹ» ተብሎ ቢነገር አይነቀፍም። ሁለተኛው የመሣሪያ እጥረት ነው። ይህም ለብዙ ትምህርት ቤቶች እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ለሚከተሉት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

ሀ/ ከላይ የተጠቀሱት አራት የፍጥነት ቁጥሮች ለተማሪዎች ተሰጥተው መስመሩን ራሳቸው በካሬ ወረቀት ላይ ይሣሉ፤ በመጽሐፋቸው ካለው መስመር ጋርም ያነጻጽሩ።

ለ/ የብቅል ዱቄት፣ ስታርችና አዮዲን ይቅረቡ። የብቅሉ ኤንዛይም በክፍል ሙቀት፣ በ60 ዲግሪ አካባቢና ከፈላ በኋላ ይፈተን። በ60 ዲግሪ ከክፍሉ ሙቀት ይበልጥ ሲፈጥን፣ ሲፈላ ደግሞ ሥራውን ሲያቆም ተማሪው ሕጉንና የሕጉን ወሰን በአንድ ቀን ያያል።

ሐ/ አንድ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ባለበት ሁሉ የታክ ፖሊመሬዝ ቅርጽ ከዓለም አቀፉ የፕሮቲን ቅርጾች መዝገብ በነጻ ይታይ። የፕሮቲንን ቅርጽ ከአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል የመተንበይ ሥራ በ2024 የኖቤል ሽልማት ካገኘ ወዲህ ይህ ለተመራማሪዎች ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም።

መ/ በሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ይለወጥ፤ «እያንዳንዱ ኤንዛይም ቅርጹን ጠብቆ የሚሠራበት የራሱ የሙቀት ወሰን አለው፤ ወሰኑንም የሚወስነው የሰንሰለቱ አጣጣፍና አያያዝ ነው» ይባል።

ይህ ዓረፍተ ነገር ከቀድሞው ጥቂት ይረዝማል። ነገር ግን ነገ በምርመራ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ወይም የአገሩን ፍል ውሃና የሶዳ ሐይቅ የሚመረምረው ወጣት የተማረውን መልሶ ማፍረስ ሳያስፈልገው ሥራውን ሊጀምር ይችላል።