ድንገት የምትባል ቃል

ዛሬ ሂስ የምሰነዝርበት ድርሰት ደራሲው አይታወቅም። ለደስታ ያነበበው ሰውም ያለ አይመስለኝም። ዓረፍተ ነገሮቹ ይረዝማሉ፣ አንባቢን ያንገላታሉ። ድርሰቱ የኢንሹራንስ ፖሊሲ ነው፤ ያውም ጊዜው ያለፈበት፣ ከመዝገብ ቤት ጥግ አቧራ የጠጣ። ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ቃል ኃይል አላት» እያልኩ ተማሪዎቼን አሰልችቻለሁ። ቃል ሚሊዮኖችን እንደምታስከፍልና እንደምትከለክል ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። አብዛኞቻችን ኢንሹራንስን የምናውቀው በመኪና ነው። ባለመኪናው ሰው ቢገጭ ተክቶ የሚከፍልለት «ሦስተኛ ወገን» የምንለው አለ። ፋብሪካም እንዲሁ ውል ይገባል፤ ሥራዬ ሌላውን ቢጎዳ ክፈሉልኝ ብሎ። ልዩነቱ፣ የመኪና ግጭት ወዲያው ይታያል፤ አፈር ውስጥ የገባ መርዝ ግን በሃያ፣ በሠላሳ ዓመቱ ነው ብቅ የሚለው። በድሮዎቹ ፖሊሲዎች ደግሞ የሚጠየቀው ጉዳቱ በደረሰበት ዓመት የነበረው ውል ነው፤ የታወቀው ዛሬ ቢሆንም።

አሜሪካኖች ይህን የተረዱት በችግር ጊዜ ነው። ላቭ ካናል በተባለ ሰፈር የተቀበረ የፋብሪካ ኬሚካል ወደ ሰው ቤት መውጣቱ ከታወቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የበከለ ያጽዳ የሚል ብርቱ ሕግ ወጣ። ፋብሪካዎቹ ምድር ቤታቸውን መበርበር ጀመሩ። «የኢንሹራንስ አርኪዮሎጂስት» የሚባሉ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ተፈጠሩ። ፖሊሲው ቢጠፋ የአረቦን ደረሰኝ፣ ደረሰኙ ቢጠፋ የሒሳብ ሠራተኛው መዝገብ ይፈለጋል።

እዚህ ላይ ነው ቃሏ የምትመጣው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ኩባንያዎቹ ብክለትን የምንከፍለው «ድንገተኛና ያልታሰበ» ሲሆን ብቻ ነው የምትል ሐረግ ጨምረው ነበር። እናላችሁ፣ ኩባንያዎቹ «ድንገተኛ ማለት በቅጽበት የሆነ ነው፤ ሃያ ዓመት ጠብ ጠብ ያለ መርዝ ምኑ ድንገተኛ ነው?» አሉ። ፋብሪካዎቹ «ድንገተኛ ማለት ያልጠበቅነው ማለት ነው» አሉ። ፍርድ ቤቶቹም ተከፋፈሉ፤ በአንዱ ግዛት ያሸነፈው ትርጉም በሌላው ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1986 ኩባንያዎቹ ብክለትን ከመደበኛው ውል ከነአካቴው አወጡትና ተገላገሉ።

ሃያሲ ሆኜ ብፈርድ ሁለቱም ልክ ናቸው። በአማርኛችንም «እንግዳ ድንገት መጣ» ስንል ሳንጠብቀው ማለታችን ነው፤ «መኪናው ድንገት ቆመ» ስንል ግን ቅጽበቱን ነው። መርዝን የሚገልጸው ግን «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው የአባቶች አነጋገር ነው። በባሕርዩ አዝጋሚ የሆነውን ነገር ድንገተኛ ካልሆንክ አላውቅህም የሚል ድርሰት ገጸ ባሕርዩን አያውቀውም። ሌላም ጉድለት አለበት፤ የአንጻር ጉድለት። ሁለቱ ተዋዋዮች ድንገት ለእኔ፣ ድንገት ለአንተ ይባባላሉ። የተጎዳው ሰው ስሙ «ሦስተኛ ወገን» ነው፤ አንዲት ቃል አይናገርም።

ይሄ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው? እስቲ ሰቆጣ ልውሰዳችሁ። የዋግ ኽምራ ሰው የታወቀ ንብ አርቢ ነው። ተከዜ ከተገደበ ወዲህ የዝቋላና የአበርገሌ ሰዎች ከሐይቁ ዓሣ ያሰግራሉ። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ያጠበውን ሁሉ ይዞ የሚገባው ወደዚያው ነው። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የበረሃ አንበጣ ወሎንና ዋግን ሲወር ኬሚካል መርጨት ግድ ነበር፤ ሰብል እየተበላ ማን ይፈላሰፋል? ነገር ግን የተለመደው የአንበጣ መርዝ ንብን ከአንበጣ ለይቶ አይተውም። ቀፎው ባዶ የሚቀርበት ገበሬ ማንን ይጠይቅ? የኬሚካል ጄሪካን ታጥቦ ውኃ መቅጃ ቢሆንና ልጅ ከዓመታት በኋላ ቢታመም፣ ያንን ጄሪካን ማን ያስታውሳል?

ሥጋቱ የምናብ አይደለም። ለአንበጣ፣ ለተምች እየተባለ ወደ አገራችን የገባ ፀረ ተባይ በየመጋዘኑ ተረስቶ፣ በርሜሉ ዝጎ ሲፈስ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት አስተባባሪነት ከአንድ ሺሕ ቶን በላይ ተሰብስቦ፣ ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ ተቃጠለ። ሒሳቡን በዋናነት የከፈሉት ለጋሽ አገሮች ናቸው። ምስጋና ይገባቸዋል፤ ግን በልመና እስከ መቼ ይጸዳል?

ሕጋችን እንኳ ደህና ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069፣ መርዛማ ነገር አከማችቶ ወይም ተጠቅሞ ሌላውን የጎዳ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። የ1995ቱ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የበከለ ያጽዳ፣ አለዚያም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። ወዲያው ግን አንቀጽ 2143 ይመጣና ተጎጂው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ይክሰስ ይላል። ሁለት ዓመት! በሃያ ዓመቱ ለሚገለጥ ነገር።

ክፍያውስ ከየት ኪስ ይውጣ? በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ 13 የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ወረሰ። በ1968 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሀብታቸውን ብቻ ሳይሆን ዕዳቸውንም ተረከበ። ማለትም በንጉሡ ዘመን የተገባ ውል በአብዮቱ አልሞተም፤ ባለዕዳው ተለወጠ እንጂ። ግን ወረቀቱ አለ ወይ? እኛ ዘንድ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መዝገብ ሱቅ ይገባል። በርበሬ የተጠቀለለበትን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያላነበበ የእኔ ዘመን ሰው የለም። ሰቆጣን በመሰለች ጦርነት ደጋግሞ በጎበኛት ከተማማ ምኑ ይወራል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የምንለው ጽሑፉ ሲተርፍ ነው።

«ዶላር በሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ሲመነዘር የተጻፈ የካሣ ጣሪያ ዛሬ ምን ሊገዛ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው፤ በብር የተጻፈው ብዙ አያወጣም። ሆኖም ወረቀቱ ማን፣ የት፣ ምን ያከማች እንደነበር ይመሰክራል። መርዙን ሠርተው የላኩት የውጭ ኩባንያዎች ውል ደግሞ በብር የተጻፈ አይደለም።

ስለዚህ የመንግሥት ፋብሪካ ወይም እርሻ ሲሸጥ የቦታው ካርታ እንደሚጠየቅ ሁሉ የድሮ ፖሊሲዎቹ ፋይል ይጠየቅ። ኬሚካል አስመጪ ፈቃዱን ሲያሳድስ የኃላፊነት ኢንሹራንሱን ቅጂ ለመንግሥት መዝገብ ያስገባ፤ ውሉ ቢያልቅም አይጣል። የሁለት ዓመቱ ቆጠራም ጉዳቱ ከታወቀበት ቀን ይጀምር።

ፍርድ ቤቶች ያን ያህል የተከራከሩባትን ቃል ትርጉም ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ከሦስተኛው ወገን አንጻር ብናነባት ጥሩ ነው። ፋብሪካው የጣለውን ያውቃል፤ ኢንሹራንሱም አረቦን የተቀበለበትን ሥራ ያውቃል። የዋጉ ንብ አርቢ ግን ማንም የነገረው የለም። ለእሱ ሁሉም ነገር ድንገት ነው።