በውዝዋዜ የሚያክም ሰው ምን ይማር? ከአሶሳ አንጻር የቀረበ ሒስ

በውዝዋዜና በእንቅስቃሴ ማከም የሚባለው ሙያ በአገራችን ገና እንግዳ ስለ ሆነ፥ ሒሳችንን ከመጀመራችን በፊት ምንነቱን በአጭሩ መግለጽ ይገባናል። ማሪያን ቼስ የሚባሉ አሜሪካዊት የውዝዋዜ መምህር እ.ኤ.አ. በ1942 በዋሽንግተን ከተማ ሴንት ኤልዛቤትስ በተባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ከሰው ጋር መነጋገር የተሳናቸውን ሕሙማን በክብ አቁመው፥ የያንዳንዱን እንቅስቃሴ በራሳቸው አካል እየመለሱ፥ በአንድ ምት ያገናኟቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካ ባለሙያዎች ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ሆኑ። ዛሬ በዚያ አገር ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው የማስተርስ ዲግሪ እንዲኖረውና በተቈጣጣሪ ሥር 700 ሰዓት ያህል ሕሙማንን እያየ እንዲለማመድ ይጠየቃል። በአውሮፓ ባሉ በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ተማሪው ራሱ መታከም አለበት። ይህ ደንብ ከአሶሳ ተነሥቶ ሙያውን ለመማር ለሚያስብ ኢትዮጵያዊ ምን ያህል ይበጃል? የምንመረምረው ይህን ነው።

አስቀድመን ደንቡ ትክክል የሆነበትን እንናገር። ተማሪው ሌላውን ከማከሙ በፊት ራሱ ታካሚ እንዲሆን መጠየቁ ለአንዳንድ ሰው ትርፍ ድካም ይመስለው ይሆናል። እኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይህ ይመስለናል፤ በገዛ አካሉ ውስጥ ያደረውን ፍርሃትና ቍጣ የማያውቅ ሰው፥ የታካሚውን እንቅስቃሴ መለስኩ ሲል የሚመልሰው የራሱን ነውና። አሳቡ ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። ሚሼል ሌሪስ ስለ ጎንደር ዛር፥ ሳይመን ሜሲንግም ዛርን እንደ ማኅበር ሕክምና ቈጥረው፥ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሟቸው ጥናቶች እንደሚታየው፥ ባለዛሩ ፈዋሽ ከመባሉ በፊት ራሱ የታመመ ሰው ነው፤ ጉሪውንም የተማረው በገዛ አንገቱና በገዛ ትከሻው ነው። (ዛርን ማንሣታችን እናመስግነው ለማለት አይደለም፤ በሽተኛው ድኖ የሚሰናበትበት ሳይሆን ዕድሜ ልኩን የሚገብርበት ማኅበር መሆኑን ሜሲንግ ራሳቸው አሳይተዋል።)

ደንቡን የምንነቅፈው በሌላ በኩል ነው። ተማሪው የሰውን አካል ማንበብ የሚማረው በአብዛኛው ሩዶልፍ ላባን በጀመሩት ዘዴ ነው። ዘዴው የአንድን ሰው እንቅስቃሴ በክብደት፥ በጊዜ፥ በቦታና በፍሰት ከፍሎ ይመዘግባል። ለሥራው ጠቃሚ መሣሪያ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ንባቡ የሚጀምረው ከአንድ ሰው ነው። ይህን መሣሪያ ይዘን ወደ በርታ ሕዝብ ዙምባራ እንሂድ። ዙምባራ ከቅል የሚሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ሲሆን፥ ትልቁ የሰው ቁመት ያህላል፤ ትንሹ በእጅ የሚያዝ ነው። እያንዳንዱ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚገኘው ዐሥር ያህል ነፊዎች ክብ ሠርተው እየዞሩ፥ በትከሻቸው ያጋደሙትን እንጨት በቀንድ እየመቱ፥ እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። ከነዚህ አንዱን ለብቻው አውጥተን ብንመዘግበው ምን እናገኛለን? አንድ ድምፅ እየደጋገመ ያለ ለውጥ የሚረግጥ ሰው! ዘዴውን ብቻ የተማረ ሰው «እንቅስቃሴው የደረቀና የተወሰነ ነው» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም፤ ያላየው ነገር፥ ሰውየው ዝም ባለበት ቅጽበት ጎረቤቱ እየነፋለት መሆኑን ነው። ቼስ በክብ ይሠሩ ነበር ብለን ተናግረናል። የእሳቸው ክብ ግን ብቸኛ የሆኑ ሰዎች የሚገናኙበት ነው፤ የዙምባራው ክብ አስቀድመው የተገናኙ ሰዎች የሚያቆሙት ነው። ሥልጠናው የመጀመሪያውን በሚገባ ያስተምራል፤ ሁለተኛውን እንደ ጌጥ ያልፈዋል።

ይህ ልዩነት የቃላት ክርክር እንዳይመስል አንድ ምስክር እንጥራ። ኡዱኮች እ.ኤ.አ. በ1987 ከሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ሸሽተው ወደ አሶሳ መጡ። በ1990 መጀመሪያ ጦርነት እንደገና ስለ በተናቸው፥ ለዓመታት ሲንከራተቱ ቆይተው በ1993 በጋምቤላ ቦንጋ በተባለው ሰፈር አረፉ። ከነዚህ ሰዎች ጋር ለብዙ ዘመን የሠሩት የእንግሊዝ ሊቅ ዌንዲ ጄምስ፥ የኡዱኮችን ክብ ጭፈራ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ ተከታትለዋል፤ ጭፈራው በስደት ሰፈር እንደገና መቆሙንም ገልጸዋል። ያቆመላቸው ሐኪም አልነበረም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሕዝባችን በጭፈራ ራሱን ያክማል፤ ሥልጠናም አያስፈልግም» የሚል ሰው ይኖራል። በዚህ አንስማማም። ክቡ ሲቆም ሁሉም አይገባበትም። ሸርቆሌ እ.ኤ.አ. ከ1997፥ ባምባሲ ከ2012 ጀምሮ ስደተኞች የሰፈሩባቸው ናቸው፤ በ2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም በኩርሙክ በኩል አያሌ ሕዝብ ገብቷል። በመተከልም በ2020 የደረሰው እልቂት ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ልጇን የቀበረች እናት ከበሮ ስትሰማ ፊቷን ብታዞር፥ ሐዘኗን መጠበቋ ነው ወይስ አእምሮዋ መጐዳቱ? አብዛኛው በርታ እስላም በመሆኑ፥ ወንድና ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዲዞሩ የሚያዝ አሠልጣኝ ሕክምና ይሰጣል ወይስ ያሳፍራል? ለዚህ በጎ ፈቃድና ጥሩ ትከሻ አይበቃም። የጥቂት ቀን ሥልጠና ወስዶ የተሰደደን ሰው «አካልህን ፍታ» ማለት፥ ቁስልን ሳያዩ ፋሻ እንደ መፍታት ያለ ድፍረት ነው።

ታዲያ መንገዱ ወዴት ነው? በአገራችን ከጉዳዩ ጋር የሚቀርብ አንድ ምሳሌ አለ። የእንግሊዝ ኮሬዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 በአዲስ አበባ የጎዳና ልጆችን ይዘው ከሠሩት ትርኢት በኋላ፥ አዱኛ የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ተወለደ። ወጣቶቹ ለዓመታት ሠልጥነው ሌሎችን አስተማሩ፤ ከአካል ጉዳተኞችም ጋር ሠሩ። ሕክምና ነው አላሉም፤ ይህንንም በማለታቸው አይደለም የምናደንቃቸው፤ የምናደንቀው ሥልጠናው ረዥም መሆኑንና በሠልጣኞቹ ከተማ መሰጠቱን ነው። የአእምሮ ሕክምናም እንዲሁ ነው፤ የስፔሻሊስት ትምህርቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት የቶሮንቶ መምህራን ወደዚህ እየመጡ አስተማሩ፤ ከዚያ በፊት ግን ተማሪው ነበር ወደ ውጭ የሚሄደው።

አሶሳ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። የ700ው ሰዓት ልምምድ እንዳለ ይቆይ፤ ተቈጣጣሪውም የአእምሮ ሕክምና የተማረ ይሁን። ነገር ግን ተማሪው የላባንን ሰንጠረዥ ከመያዙ በፊት፥ አንድ የመከር ወራት ሙሉ ከዙምባራ ነፊዎች ዘንድ ይቀመጥ፤ አንዲቱን ድምፅ በተራዋ መንፋትን ይልመድ። የመጀመሪያ ፈተናውንም ከመምህሩ ጋር ሽማግሌዎቹ ይፈትኑት። ጥያቄው በክቡ ውስጥ ስላሉት አይሁን፤ ዛሬ ማን ከክቡ ውጭ እንደ ቆመ፥ ለምን እንደ ቆመና መጠራት ይገባው እንደ ሆነ ይጠየቅ።