የጥላ ጫፍ

መጋቢት 28 ግድም፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የዲላ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትደርሳለች። ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ ጥላው ከሥሩ ገብቶ ይጠፋል። ነሐሴ ሲያልቅም እንደዚሁ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው ዓመት ወደ ሰሜን ይዞራል። ቀጥ ብሎ የቆመ ስድስት ሜትር ድንጋይ ሰኔ አጋማሽ ላይ 1.8 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ደግሞ 3.4 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ጥላውን ይዘረጋል።

ረጃጅም ድንጋይማ ዲላ ባለችበት በጌዴኦ ሞልቷል። መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው መልክዓ ምድር ውስጥ የጨልባ ቱቱቲ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። ጠራቢዎቹ ያሰቡት ሌላ ነበርና አናታቸውን አለስልሰው አድቦልቡለውታል። እጃቸው ይደነቃል። ጥላ ለሚለካ ሰው ግን እንዲህ ያለ አናት አይመችም፤ ጫፉ የት እንዳበቃ አይለይም።

ስለታም አናት ቢኖረውም ችግሩ አይወገድም። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ክብ ስለሆነች የጥላ ጠርዝ ሁልጊዜ ይደበዝዛል፤ ምሰሶው በረዘመ ቁጥር ይብሳል። ይህን እጅግ አሳምሮ የፈታው ቻይናዊው ጉዎ ሾውጂንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1270ዎቹ በጋኦቼንግ፣ በዛሬዋ ሄናን ግዛት፣ የጡብ ግንብ አሠራ። የቀደሙት መለኪያዎች ቁመታቸው 8 ቺ (የቻይና የርዝመት መስፈሪያ) ነበር፤ ጥላው ረዝሞ ልዩነቱ በጉልህ እንዲለካ እሱ ወደ 40 ቺ ከፍ አደረገው። ከግንቡ ሥር ወደ ሰሜን 36 ጥርብ ድንጋዮች ተገጣጥመው 31 ሜትር ተዘርግተዋል። በላያቸው ሁለት ቦዮች ጎን ለጎን ተፈልፍለዋል፤ ውሃ ሞልተው ያዩታል፣ የውሃው ጥልቀት በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ ድንጋዩም ልክ ነው።

የሥራው ዕንቁ ግን ትንሿ የመዳብ ቅጠል ናት። መሃሏ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ ተበስቷል። ባለሙያው ቅጠሏን ወደ ፀሐይ አዘንብሎ በድንጋዩ ላይ ቀስ እያለ ያንሸራትታታል። የሩዝ ፍሬ የምታህል የፀሐይ ምስል ድንጋዩ ላይ ትወርዳለች፤ በግንቡ አናት የተጋደመው አግዳሚ ዘንግም በምስሏ ውስጥ እንደ ቀጭን መስመር ይታያል። መስመሩ ምስሏን እኩል ለሁለት ሲከፍል ልኬቱ ይነበባል። የደበዘዘው ጠርዝ ቀርቶ የፀሐይዋ መሃል ተለካ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መላ ለማግኘት ብርሃንን አብዝቶ ማየት ይጠይቃል።

በተለያዩ ቀናት የተወሰዱትን የጥላ ልኬቶች አነጻጽረው፣ የቀትር ጥላ ከሁሉ የሚረዝምበትን ቅጽበት ያሰሉ ነበር፤ ከአንዱ እንዲህ ያለ ቅጽበት እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1281 በቻይና ሥራ ላይ የዋለው የዘመን አቆጣጠር ዓመቱን 365.2425 ቀን አድርጎ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1582 በአውሮፓ በታወጀው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር የዓመቱ አማካይ ርዝመት ይኸው ቁጥር ነው፤ የእኛ 365.25 ነው።

የዲላ መምህራን፣ በመጪው መጋቢት መጨረሻ በትምህርት ቤታችሁ ሜዳ ላይ አንድ ምሰሶ በቱንቢ አቁሙ፤ አናቱ ላይ ዘንግ አጋድሙ፤ ስስ ቆርቆሮ በመርፌ ብሱ። ተማሪዎቹ ራሳቸው ይለኩ።