«ድምፅ አልባ» የተባሉ ፊልሞች፦ የዲጂታል መዛግብትና የቋንቋ ጥያቄ በምሥራቅ አፍሪካ

«ኮሎኒያል ፊልም» የተሰኘው ካታሎግ እ.ኤ.አ. በ2010 ከተከፈተ ወዲህ፣ በካምፓላ ተቀምጦ የቅኝ ግዛት ዘመን ፊልም ታሪክን ለሚያጠና ሰው የመጀመሪያው በር ሆኗል። የብሪታንያ የፊልም ኢንስቲትዩትን፣ የኢምፔሪያል ጦርነት ሙዚየምንና የብሪታንያ ኢምፓየርና ኮመንዌልዝ ሙዚየምን ስብስቦች አንድ ላይ አምጥቶ ከ6,000 በላይ ፊልሞችን መዝግቧል፤ 150 ያህሉንም እዚያው ማየት ይቻላል። ሥራው ታላቅ ነው። ምስጋናውን ሳልነፍግ፣ ይህ በር ለቋንቋ አጥኚ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ግን መጠየቅ እፈልጋለሁ።

ከ1935 እስከ 1937 በታንጋኒካ የተካሄደውንና ኡጋንዳንም የነካውን የባንቱ ትምህርታዊ ሲኒማ ሙከራ እንውሰድ። ሙከራው 35 ፊልሞችን ሠርቷል፤ ዛሬ በእጃችን ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው። የፊልሞቹ ማብራሪያ በፊልሙ ጥብጣብ ላይ ሳይሆን በሸክላ ላይ የተቀዳ ነበር። በዚህም ምክንያት ምስሉ ሳይለወጥ ሸክላው ይለወጥ ነበር፤ በአንዱ ቦታ በስዋሂሊ የተሰማው ፊልም በሌላው በሉጋንዳ ይሰማ ነበር ማለት ነው። ፊልሙ አንድ፣ ንግግሩ ብዙ። እንዲህ ያለ ፊልም ሸክላው ሲጠፋ ወደ መዝገብ የሚገባው «ድምፅ አልባ» ተብሎ ነው። ቃሉ ዛሬ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ጥብጣብ በትክክል ይገልጻል፤ የ1936ቱን ተመልካች ሁኔታ ግን ይክዳል። እርሱ ሲናገር የሰማው ፊልም ነበርና።

ይህ የቃላት ሙግት ብቻ አይደለም። የካታሎጉ ፍለጋ በአገር፣ በጭብጥና በዘውግ የተደራጀ በመሆኑ «በሉጋንዳ የተሰማውን ሁሉ አሳየኝ» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። የቀረን የጽሑፍ ምስክር የሙከራው መሪዎች ኖትከትና ላታም በ1937 ያሳተሙት ዘገባ ነው፤ እርሱም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የተርጓሚዎቹ የቃል ምርጫ፣ ለሕመም ወይም ለከብት በሽታ የሰጡት ስም፣ የአነጋገር ማዕረጋቸው በዘገባ ሊተካ አይችልም።

ታዲያ ሌላ ምንጭ የለም ወይ? ጋዜጦች አሉ። በ1907 የተጀመረው «ኤቢፋ ሙ ቡጋንዳ» እና በ1911 የተከተለው «ሙኖ» ለዘመኑ ሚዲያ ታሪክ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጮች ናቸው። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ጋዜጦች ፎቶ ተነሥተው በኮምፒውተር ሲነበቡ የሚገጥመው ችግር ከምስሉ ጥራት ይልቅ ከፊደል አጣጣሉ ይመነጫል። የሉጋንዳ መደበኛ አጻጻፍ የጸደቀው በ1947 ነው። ከዚያ በፊት ረዥሙን አናባቢ መደረብ፣ የጠበቀውን ተነባቢ ማመልከት፣ «ል»ንና «ር»ን መለየት ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያይ ነበር። መደበኛው ሥርዓት «ር»ን ከ«ኢ»ና ከ«ኤ» በኋላ ስለሚያስቀምጥ የዛሬ ተማሪ ፊልምን «ፊሪሙ» ብሎ ይፈልጋል፤ «ፊሊሙ» ብሎ የጻፈ ቢኖር አያገኘውም። ባዶ ውጤት ሲያይም በጋዜጣው ስለ ሲኒማ አልተጻፈም ብሎ ይደመድማል። በእኔ እምነት ከምንጭ መጥፋት የከፋው ይህ የሐሰት ባዶነት ነው፤ ምክንያቱም የጠፋ ነገር ቢያንስ ይፈለጋል።

በአማርኛም ከዚህ የተሻልን አይደለንም። የኃይሌ ገሪማ የ1976 ፊልም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በዓለም አቀፍ ዝርዝሮች የሚገኘው ወደ ፊደላችን ሲመለስ «ሚርት ሶስት ሺ አሚት» ሆኖ በሚነበብ የላቲን ጽሕፈት ነው። በግእዝ ፊደል ቢፈለግ ደግሞ «ሦስት» ወይም «ሶስት»፣ «ሺህ» ወይም «ሺ»፣ «ዓመት» ወይም «አመት» በማለት ብቻ ስምንት ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል። ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚፈልግ መሣሪያ መሥራት ለቋንቋ ቴክኖሎጂ ባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ሰው ችግሩ መኖሩን ማወቅ ግን ይኖርበታል። ይህን ሊነግረው የሚገባው የእኛ ሙያ ነው።

ወደ ካምፓላ ልመለስ። በቢባንዳ፣ ማለትም በሰፈር ቪዲዮ ቤቶች፣ ቪጄ የሚባሉት ተራኪዎች የውጭ ፊልሞችን ለተመልካች በሉጋንዳ ሲያብራሩ፣ ሲቀልዱና ሲተቹ ኖረዋል። የሸክላው ማብራሪያ ከላይ የተሰጠ ትምህርት ነበር፤ ይህኛው ከታች የበቀለ ጥበብ ነው። ሆኖም የፊልም መዝገብ የሚያውቀው ዋናውን ፊልም እንጂ በላዩ የተነገረውን ድምፅ አይደለም፤ የቪጄ ቅጂ በዚህ ሚዛን የተሰረቀ ፊልም ግልባጭ ብቻ ይሆናል። ለንግግር ትንተና አጥኚ ግን ዋናው ሥራ ይኸው ድምፅ ነው።

እዚህ ላይ የዋካሊዉዱ «ካፕቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የሚያስተምረን አለ። ከ2010 ወዲህ የሚታወቀው ይህ ፊልም ያለ ተራኪ ድምፅ የነበረው ቅጂ ጠፍቷል፤ የተረፈው ቪጄ ኤሚ በእንግሊዝኛ የሚያጅበው ነው። ከ1930ዎቹ ሙከራ ምስሉ ተርፎ ንግግሩ ጠፋ፤ እዚህ ንግግሩ ተርፎ ንጹሑ ምስል ጠፋ፤ በሉጋንዳ የተነገረው ምልልስም በእንግሊዝኛ ጨዋታ ሥር ይሰማል። ለዚህ ፊልም ካታሎግ የሚያዘጋጅ ሰው በቋንቋ ዓምድ ሥር ምን ይጻፍ? ሁለቱንም መጻፍ፣ የትኛው በየትኛው ላይ እንደተደረበና ማን እንደተናገረው መግለጽ ያስፈልገዋል። ለዚህ የሚሆን ዓምድ ገና ስላልተለመደ፣ በማኬሬሬ የሚሠራ የቋንቋ ተማሪ የአንድ ቪጄን አሥር ካሴቶች ሰምቶ ቢመዘግብ ዓምዱን ራሱ ማበጀት ይኖርበታል። ካሴቶቹ ሳያረጁ ቢጀምር ይሻላል።