ሳያዩ መቁጠር፦ ስለ ባሕረ ሐሳብ ውዳሴና ስለሚደበዝዘው የሌሊት ሰማይ

በጥንታዊ ጽሑፎቻችን ላይ በሚዘጋጁ ጉባኤዎች የማይቀር አንድ አባባል አለ፤ አባቶቻችን ቴሌስኮፕ ሳይፈጠር ሰማይን መርምረው ያውቁ ነበር የሚል። የሚጠቀሱት ምስክሮችም የታወቁ ናቸው፦ መጽሐፈ ሄኖክና የአጽዋማትና የበዓላት ስሌት የሆነው ባሕረ ሐሳብ። ተናጋሪው ደፈር ያለ ከሆነ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፉን አውደ ነገሥትን ይጨምራል። ይጨበጨባል። ከአዳራሹ ሲወጣ ግን በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ስንት ኮከብ እንደቀረ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ውዳሴውና ግድ የለሽነቱ አንድ ሥር ያላቸው ይመስለኛል። የምናወድሰው ዕውቀት ሰማይን ሳያይ የሚሠራ ነው፤ ሰማዩ ቢጠፋ የሚጎድልበት ነገር የለም። ከዋክብቱ ሲሄዱ ያላዘንነውም ለዚህ ነው።

ከሄኖክ እንጀምር። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው የሰማይ ብርሃናት ክፍል በምልዓት የደረሰን በግዕዝ ብቻ ነው። በኩምራን ዋሻዎች የተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮች የመጽሐፉን ጥንታዊነት አረጋገጡ እንጂ የግዕዙን ቦታ አልወሰዱም። ይህን ክብር የሚነካ የለም። ጽሑፉ የሚለውን ግን እናንብብ። ፀሐይ በምሥራቅ ካሉት ስድስት በሮች ትወጣለች፣ በምዕራብ ባሉት ስድስት ትገባለች። ቀንና ሌሊት በድምሩ 18 ክፍል ናቸው፤ ቀኑ እጅግ ሲረዝም 12ቱ የቀን፣ 6ቱ የሌሊት ይሆናሉ። በሰዓት ሲመነዘር 16 ሰዓት ብርሃን፣ 8 ሰዓት ጨለማ ማለት ነው። በጎንደር ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሁለት ለአንድ የሚለው ልክ ሙል አፒን በሚባለው የባቢሎን የሰማይ ጽሑፍ ውስጥም ይገኛል፤ ከሩቅ የመጣ፣ ለሌላ ሰማይ የተሰፋ ልክ ነው። በሰኔ ወር ከደጁ ተቀምጦ ብራናውን የሚገለብጠው ጸሐፊ ፀሐይዋ ከመጽሐፉ ጋር እንደማትስማማ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልገውም ነበር። እሱ ግን እንዳለ ገለበጠው። ዓመቱ 364 ቀን ነው የሚለውንም እንዲሁ፣ ራሱ በ365 ቀን ከሩብ እየጾመና እየፈሰከ።

ባሕረ ሐሳብ ከዚህ የተለየና እጅግ የጠለቀ ሥራ ነው። ስለሱ ጠንቅቆ ለመናገር ግን ሲሠራ ማየት ያስፈልጋል፤ አወዳሾቹ ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህንኑ ነው። የ2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። ዓመተ ዓለሙ 5500 ሲደመር 2018፣ ማለትም 7518 ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ መደቡ ይህ ነው። አንዱን ለዘመን ትተን ወንበሩ 12 ይሆናል። 12ን በ11 አብዝተን በ30 ስንገድፍ አበቅቴ 12፣ በ19 አብዝተን በ30 ስንገድፍ መጥቅዕ 18 ይወጣል፤ ሁለቱ እንደ ሕጉ ተደምረው 30 ሞሉ። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ መስከረም 18 ላይ ዋለ። ዕለቱ እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ስለሆነ መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌም በጥር 25 ይገባል። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ሚያዝያ 4 ትንሣኤ ነው። ከወረቀቱ ቀና የተባለበት አንድም ቅጽበት የለም። ደመናም፣ ጨረቃም፣ አድማስም አላስፈለገም።

አሁን ጨረቃዋን ራሷን እንጠይቅ። በዚሁ ስሌት የአይሁድ ፍሥሕ፣ የጨረቃ ዐሥራ አራተኛ ሌሊት የሚባለው፣ ከመስከረም 18 በኋላ በ190ኛው ቀን መጋቢት 28 ላይ ይውላል። እውነተኛዋ ጨረቃ ግን ሙሉ የሆነችው መጋቢት 24 ሊነጋጋ ሲል ነው። በስሌቱ ሙሉ ናት በተባለበት ምሽት ጎድላ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው የምትወጣው። የአራት ቀን ልዩነት ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ 235 የጨረቃ ወራት 365 ቀን ከሩብ ከሆኑ 19 ዓመታት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያንሳሉ፤ ይህ ትርፍ በ300 ዓመት አካባቢ አንድ ቀን ይሆናል። ለቤተ ክርስቲያኒቱ እንግዳ ነገር አይደለም፣ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም ከዚሁ ጋር ይኖራሉ፤ በዓሉም በጨረቃ ጉድለት አይጎድልም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ጨረቃ የመንገድ መብራት የማያጠፋት ብርሃን ናት። ከመርካቶ ጣሪያ ላይም ትታያለች። ስለ አባቶች የሰማይ ምርምር ከሚናገሩት መካከል በመጋቢት ማታ ወጥቶ ይህን ያስተዋለ ግን ምን ያህል ነው?

ባሕረ ሐሳብን ግን ከአወዳሾቹ ማዳን ይገባል። ስሌቱ ሰማይን አለማየቱ ድክመቱ ሳይሆን የተፈጠረበት ዓላማ ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ነው የደረሰው ይባላል፤ ኦቶ ኖይገባወርም እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናቱ የግዕዙ ትምህርት የአራተኛውን ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ስሌት ጠብቆ እንዳቆየ አሳይቷል። በሰሜን ተራራ ያለው መሪጌታና በዝዋይ ደሴት ያለው መነኩሴ መልእክተኛ ሳይላላኩ፣ መስከረም ደመናውን ሳይገልጥ፣ በአንድ ዕለት ጾም ይገባሉ። ከ30 የማይበልጡ ቁጥሮች በቃል ተይዘው አንድን ሕዝብ ለ1600 ዓመት በአንድ ማዕድ አስቀምጠዋል። ከዚህ የሚበልጥ የሒሳብ ቅኔ አላውቅም። ያ ሥራ የሥርዓት ነው፣ የመስማማት ነው። የኮከብ ምርመራ ነው ስንለው የሌለውን ሰጥተን ያለውን እንነጥቀዋለን።

አውደ ነገሥትን በአጭሩ። ሰውየው ኮከቡን ሊያውቅ ሲመጣ ደብተራው ወደ ደጅ አይወጣም፤ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ደምሮ በ12 ይገድፋል። ሐመልም ይሁን አቅራብ፣ የሚገኘው ከፊደል ነው። ክረምትም በጋም ለውጥ የለውም።

በዚህ መካከል ሰማዩ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2016 ፋልኪና ባልደረቦቹ ያወጡት የዓለም ካርታ ከሰው ልጅ ሲሶው በላይ ፍኖተ ሐሊብን ከሚኖርበት ቦታ ማየት እንደማይችል አሳየ። ኪባና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ51 ሺህ በላይ የበጎ ፈቃደኞች ምልከታ ሰብስበው የሰማዩ ድምቀት ከ2011 እስከ 2022 በየዓመቱ በ9.6 በመቶ ገደማ ማደጉን ዘገቡ፤ በዚሁ ፍጥነት ከቀጠለ፣ ሲወለድ 250 ከዋክብት ይታዩበት በነበረ ቦታ ያለ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው የሚያገኘው 100 ያህል ብቻ ነው። የሚያስገርመው የዚህ ጥናት መሣሪያ ነው፦ የሰው ዓይን። ሳተላይቶቹ የኤልኢዲ መብራትን ሰማያዊ ጨረር በደንብ አያዩም፤ ያ ጨረር ደግሞ ከቀድሞው ቢጫ የሶዲየም መብራት ይልቅ በአየር ውስጥ ይበተናል፣ ሰማዩን ወተት ያደርገዋል። ምልከታዎቹ የመጡት ግን በአብዛኛው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ነው። የአፍሪካ ሰማይ የቆጣሪ ድሃ ነው። በቁጥር የምንኮራ ሕዝብ እዚህ ላይ ቁጥር የለንም።

የእንጦጦን ታዛቢ ጣቢያ ጉዳይ ማለፍ አይቻልም። በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ የአንድ አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ተቋሙ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ተራራው ግን የከተማዋ ራስጌ ነው። ከሥሩ አስፋልት በሰፋ፣ ሕንጻ ባሸበረቀ፣ የኮሪደር ልማቱ አዲስ አምፖል በተከለ ቁጥር ከላይ ያለው ሰማይ ይፈዛል። ለከፍተኛ ምርምር በላሊበላ አካባቢ ያሉ ተራሮች መጠናታቸውም ይህን ያሳብቃል። በአሪዞና የፍላግስታፍ ከተማ ተቃራኒው ሆነ፦ እ.ኤ.አ. በ1894 የተመሠረተው የሎዌል ታዛቢ ጣቢያ ያለባት ይህች ከተማ በ1958 የማስታወቂያ ፍለጋ መብራቶችን የሚከለክል ደንብ አወጣች፤ በ2001ም የመጀመሪያዋ ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ከተማ ተባለች። ከተማዋ ከሌሎች የበለጠ ግጥም ስለምትወድ አይመስለኝም፤ በየሌሊቱ ሰማዩ የሚያስፈልገው ጎረቤት ስለነበራት ነው። መብራትን ወደ ታች ማጋረድ ርካሽ ነገር ነው። ውድ የሚሆነው የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ የእኛ ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቷ አቦል ተባሉ። ስሙ ደስ ይላል። ኮከቡ ያለው በአንድሮሜዳ ውስጥ ነው፤ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ በነበረችው። ድምቀቱ ግን ሰባተኛ ደረጃ በመሆኑ በጨለማ ገጠርም ቢሆን ያለ መነጽር አይታይም። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የተሰጠን ከዝርዝር ነው። ነገር ግን በዓይን የሚታዩ፣ ስም ያላቸው፣ ሥራ ያላቸው ከዋክብት በአገሪቱ ውስጥ ነበሩ፣ አሉም።

ቦረና ዘንድ። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የገዳ መጽሐፍ እንደገለጸው፣ አያንቱ የተባሉት ሊቃውንት ጨረቃ ከሰባት ከዋክብትና የከዋክብት ስብስቦች ጋር የምትገናኝበትን እያዩ ወሩን ይለያሉ። ላሚ የሚሏት ትንሿ የሦስት ማዕዘን ኅብረ ኮከብ ናት፤ ቡሳን ሰባቱ ከዋክብት፣ በከልቻ አልዴባራን፣ በሳ ሲሪየስ ናቸው። የቀናቱ ስሞች 27 ናቸው፤ ወሩ ግን 29 ወይም 30 ስለሆነ ስሙ ከወር ወር ይንሸራተታል። ላሚ ከሁሉም ደብዛዛ ናት፦ ሦስተኛዋ ማዕዘን አራተኛ ደረጃ ድምቀት ያላት በመሆኑ በትልቅ ከተማ ብርሃን መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ይህ የዘመን ቆጠራ አዲስ አበባ ላይ ሊሠራ አይችልም። ሎራንስ ዶይል እ.ኤ.አ. በ1986 የአስመሮምን መግለጫ በሰማይ ስሌት ፈትኖ ጥያቄ አነሣበት፤ ከመስክ የመጡ ሌሎችም መለሱለት። ሊፈተን የቻለው ደግሞ ከሰማይ ጋር የታሰረ ስለሆነ ነው። ሊሳሳት የሚችል ዕውቀት ነው፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ ለሰማይ ዕውቀት የምሰጠው ከፍተኛ ማዕረግ ይኸው ነው። የረመዳንን ጨረቃ ለማየት ምዕራቡን የሚቃኝ የወሎ ሽማግሌም፣ ደመና ሲጋርደው ከጎረቤት መንደር ጋር ሲከራከር፣ ከዚሁ ወገን ነው።

ክርክርን ወደ ጥበብ ያደረሱት ግን ሙርሲዎች ናቸው። ከሴቶቻቸው የከንፈር ሸክላ ሌላ ነገር የማይነሣላቸው ጥቂት ሺህ ሰዎች። ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ራግልስ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሙርሲዎች አሁን ስንተኛው ወር ላይ እንደሆኑ አይስማሙም፤ አለመስማማታቸውንም እንደ ጉድለት አያዩትም። አንዱ አምስተኛ ነው ይላል፣ ሌላው ስድስተኛ፤ እውነቱ የሚታወቀው ወንዙ፣ ዝናቡና ከዋክብቱ ሲናገሩ ወደኋላ ተመልሶ ነው። ሌሎች ሕዝቦች ጳጉሜንና ተጨማሪ ወር አስልተው የሚያርሙትን ስሕተት እነሱ በጭቅጭቅ ያርሙታል። ከሚጠባበቋቸው ምልክቶች አንዱ በደቡብ መስቀል ግርጌ ያለው ኮከብ ነው፤ ዋር ይሉታል፣ የኦሞን ወንዝም ዋር ይሉታል። ኮከቡ በክረምቱ ማብቂያ ከምሽቱ ሰማይ ሲጠፋ ወንዙ ከዳርቻው ሞልቶ ይፈስሳል፤ ውኃው ሲሸሽ እርጥቡ መሬት ይዘራል። ይህን ሳነብ ካነበብኳቸው የአገራችን የሰማይ ጽሑፎች ሁሉ በአንድ ጊዜ የበለጠብኝ እሱ ነው፤ ብራና እንደሌለው እያወቅሁም።

በኦሞ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ተመረቀ፤ 243 ሜትር ከፍታ፣ 1,870 ሜጋዋት። ከዚያ ወዲህ ኦሞ እንደ ቀድሞው አይሞላም። ዋር በጊዜው ይጠልቃል፤ እርሻውን የሚያረጥበው ጎርፍ አይመጣም። ከግድቡ የሚወጣው ኃይል ወደ አገር አቀፉ መረብ ይገባል፤ አዲስ አበባን ከሚያበሩት ምንጮችም አንዱ ነው። አንዱ ግድብ በታች በኩል ኮከብን ከወንዙ ለያየ፣ በላይ በኩል ኮከብን ከዓይን የሚሰውር መብራት ያበራል። መብራቱ ያስፈልጋል፤ ስለ ሰማይ ጥበባችን በሚደረጉ ጉባኤዎች ይህ ሒሳብ ሲሠራ ግን አንድ ቀን አልሰማሁም።