«ከነማ»፦ የስሙ ቅርጽና የደሞዙ ይዘት

ባህል በመድረክ፣ በሸራና በመጽሐፍ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። ሕዝብ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ የሚደሰትበትና የሚቆጭበት ማናቸውም ትርኢት የባህል አካል ነውና የሂስ ዓይን ሊያርፍበት ይገባል። እግር ኳስም ከእነዚህ ትርኢቶች አንዱ ነው። በመሆኑም የከተማ ክለቦች ለተጫዋች የሚያወጡት ደሞዝ የሂሳብ ሹሞች ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። ትርኢቱ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያዘጋጀውና ለማን እንደሚቀርብ የሚወስነው ይኸው ወጪ ነውና።

ጉዳዩን ለመመርመር ወረታ ላይ መቆም ይጠቅማል። በፎገራ ሜዳ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል ያለችው ይህች ከተማ የሦስት መንገዶች መገናኛ ናት። የደቡቡ መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ የሰሜኑ ወደ ጎንደር፣ የምሥራቁ ደግሞ በደብረ ታቦር በኩል አድርጎ ወደ ወልድያ ይወስዳል። በሦስቱም መንገዶች ጫፍ የፕሪሚየር ሊጉን ደጃፍ የረገጠ ክለብ ይገኛል። ፋሲል ከነማ በ2008 ዓ.ም. ወደ ሊጉ አድጎ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። ባሕር ዳር ከነማ በ2010 ዓ.ም. አድጎ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ወጣ። ወልድያ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. 25,000 ያህል ተመልካች የሚይዝ ዘመናዊ ስታዲየም ተመረቀለት፤ ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ቡድኑ ከሊጉ ወረደ። ስታዲየሙ ባለበት ቆመ፤ የሚጫወትበት ቡድን ግን ከደረጃው ጋር አልቆየም።

«ከነማ» የሚለው ቃል ራሱ ሂስ ይሻል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ካቋቋመው «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ተመጥኖ የወጣ ምኅጻረ ቃል ነው። በቅርጹ የነዋሪው ነው፤ ማኅበርተኛነትን፣ መዋጮንና ድምፅን ያመለክታል። ይዘቱ ግን ከቅርጹ ርቋል። አብዛኞቹ የከተማ ክለቦች የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ በጀት ነው። ከበጀቱም ትልቁ ድርሻ ለደሞዝና ለፊርማ ይወጣል፤ ነዋሪው ግን ገንዘቡ ስንት እንደሆነና ለምን እንደዋለ የሚጠይቅበት ጉባኤ እምብዛም የለውም። ስሙ ማኅበር ነው፤ አኗኗሩ የጥገኛ ነው።

ጥገኝነት የሚያስከትለውን የሊጉ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ሊጉ በመጣበት በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ናይጀሪያዊው አጥቂው ኦኪኪ አፎላቢም የዓመቱ ከፍተኛ ግብ አግቢ ነበረ። ያ ደስታ እውነተኛ ነበር፤ ማንም ሊያናንቀው አይገባም። ሆኖም ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ክለቡ ከሊጉ ወረደ። በ2005 ዓ.ም. ዋንጫውን ያነሳው ደደቢትም በ2011 ዓ.ም. ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶታል። በአንጻሩ የ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የ2017 ዓ.ም. ሻምፒዮን ደግሞ ኢትዮጵያ መድን ነበሩ፤ ሁለቱም ገቢ ያለው ተቋም ከጀርባቸው የቆመ ክለቦች ናቸው። እንግዲህ አነስተኛ ከተማ ከባንክና ከመድን ጋር በጨረታ ልወዳደር ብትል ውድድሩ ሜዳ ሳይገባ ያለቀ ነው።

መፍትሔ አልተፈለገም ማለት አይቻልም። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የአንድ ተጫዋች የወር ደሞዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ ጣሪያ የሚነካው የተጫዋቹን ዋጋ ነው፤ ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣና ኪሱ ሲራቆት ምን እንደሚከተል አይጠይቅም። ዕዳው ሁሉ በተጫዋቹ ላይ የተጫነ መስሎ መታየቱም ፍትሐዊ አይደለም። የኳስ ተጫዋች የሥራ ዘመን አጭር ነው፤ ጉልበቱን በወጣትነቱ ሸጦ የሚያድር ሠራተኛ ነው። በጀት ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጎዳውም እርሱ ነው።

የባሕር ማዶውም ልምድ ከዚህ የራቀ አይደለም። በአሜሪካ የቤዝቦል ሊግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የኦክላንድ ቡድን 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ለደሞዝ አውጥቶ 103 ጨዋታ አሸነፈ፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ያወጣው የኒው ዮርኩ ያንኪስም ያሸነፈው ያንኑ 103 ነው። ኦክላንድ ሌሎች የናቋቸውን ተጫዋቾች በስሌት እየመረጠ ርካሹን ከውዱ አስተካከለ። ብልኃቱ ብዙ ተወድሷል፤ መጽሐፍም ፊልምም ወጥቶለታል። ነገር ግን ክለቡ የባለሀብት እንጂ የነዋሪ አልነበረምና በ2024 የውድድር ዘመን ማብቂያ ከተማዋን ጥሎ ሄደ። በጥቂት ደሞዝ ማሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ የከተማው ሆኖ መኖር ሌላ ነው።

ይህን ልዩነት የፎገራ ገበሬ ያውቀዋል። ሩዝ ለዚህ ሜዳ ባዕድ ነበር። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ተሞከረ፤ ገበሬውም ውኃ የሚተኛበትን መሬቱን ሰጠው፤ ከምርቱ ለዘር እያስቀረ አባዛው። ዛሬ በሰፊው የታወቀው ዝርያ «ኤክስ ጅግና» ተብሎ በቀበሌዋ ስም ይጠራል። ባዕድነት በራሱ ነቀፌታ አይደለም። ነቀፌታው ዘር ሳያስቀሩ የተገዛውን ሁሉ በልቶ በዓመቱ እንደገና ወደ ገበያ መውጣት ነው። ከሩቅ የመጣ ጎበዝ ተጫዋች ለታዳጊው አርአያና አስተማሪ ከሆነ ዘር ሆኗል። ውሉ ሲያልቅ ከመታወቂያ ወረቀቱ በቀር ምንም ሳይተው ከሄደ ግን የአንድ ክረምት ቀለብ ነበር ማለት ነው።

በኪነቱም መስክ ለንጽጽር የሚሆን አብነት አለ። የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይና የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድኖች ስማቸውን ያገኙት በየአካባቢያቸው ካለው ድምፅና ጭፈራ ነው። የጊዜው ፖለቲካ የጫነባቸው ሸክም ነበር፤ መድረካቸውም ከመፈክር ነፃ አልነበረም። ቢሆንም ችሎታን ከቅርብ መፈለጋቸው ዘመናቸውን የተሻገረ ፍሬ ሰጥቷል። ከላሊበላ ኪነት የወጣችው የማሪቱ ለገሠ ድምፅ ቡድኑን ከነሥርዓቱ አልፎ ዛሬም ይደመጣል።

እንግዲህ ወረታን የመሰለ ከተማ ነገ ክለብ ላቋቁም ወይም ያለውን ላሳድግ ቢል መነሻው የፊርማ ገንዘብ ሊሆን አይገባም። በቅድሚያ የታዳጊዎች ሜዳ፣ የአሠልጣኙና የስፖርት መምህሩ አበል በበጀቱ ላይ ይጻፍ፤ የዋናው ቡድን ደሞዝ ከዚያ ከተረፈው ይታሰብ። የደሞዙ ድምር በየዓመቱ ለነዋሪው ይገለጽ። የአባልነት መዋጮ የሚከፍለው ሩዝ ነጋዴም ሆነ የባጃጅ ሹፌር በጉባኤ ድምፅ ይኑረው። ይህን ያደረገ ክለብ በዝቅተኛው ሊግ ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ካድሬውም ሆነ ደጋፊው ለዚህ ትዕግሥት መዘጋጀት አለባቸው።

በአማርኛ «ወረታ» ለተደረገ ውለታ የሚመለስ ብድር ነው። ነዋሪው ለክለቡ ስሙን፣ ግብሩንና የእሑድ ከሰዓቱን ሰጥቷል። እስካሁን በብዙ ስፍራ የተመለሰለት የአንድ ዓመት ጭብጨባና የአንድ ዓመት መውረድ ነው። «ከነማ» የሚባለው ሁሉ ይህን ብድር በምን ሊከፍል እንዳሰበ በበጀቱ ላይ ጽፎ ማሳየት ይጠበቅበታል።