የእንግሊዝኛ ጥምር ግሦች አቀራረብ በመማሪያ ክፍል፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ሲመረመር

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ ቋንቋ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሳይሆን የሌሎቹም ትምህርቶች ማስተማሪያ ሆኖ እንደሚሠራበት የታወቀ ነው። ከዚህም የተነሣ በእንግሊዝኛ ሰዋስው አቀራረብ ላይ የሚታይ ጉድለት በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ተወስኖ አይቀርም፤ ወደ ፊዚክሱም፣ ወደ ባዮሎጂውም፣ ወደ ጂኦግራፊውም ይሻገራል። ከእነዚህ ጉድለቶች አንዱ፣ ምናልባትም በቸልታ በመታለፉ ቀዳሚው፣ ግሥ ከተውሳከ ግሥና ከመስተዋድድ ጋር እየተጣመረ አዲስ ትርጉም የሚያበጅበት መንገድ ለተማሪው የሚቀርብበት ሁኔታ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥምረቱ «ጥምር ግሥ»፣ ግሡን የሚከተለው ትንሽ ቃል ደግሞ «አጃቢ ቃል» ይባላል።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ጥምር ግሥ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው በዝርዝር ነው። ጥቁር ሰሌዳው ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ «ጌት አፕ»፣ «ጊቭ አፕ»፣ «ሉክ አፍተር»፣ «ፑት ኦፍ» ይደረደራሉ፤ በቀኝ «ተነሣ»፣ «ተወ»፣ «ተንከባከበ»፣ «ለሌላ ጊዜ አስተላለፈ» ይጻፋል። ተማሪው ገልብጦ ይሸመድዳል፤ ፈተናውም «ባዶውን ቦታ ሙላ» ይሆናል። በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ የሚሸጡት አጋዥ መጻሕፍትም ከዚህ ብዙ የራቀ መንገድ አይከተሉም። መምህሩን በዚህ መውቀስ አግባብ አይደለም። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ተቀምጦ ለሚጠብቀው ሰው ዝርዝር ፈጥኖ የሚያልቅ፣ ለማረምም የሚቀል ነው። ይሁን እንጂ ዝርዝሩ ከሚያሳየው የሚደብቀው ይበልጣል።

የሚደብቀው ነገር ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚታየው ከእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ ነው። በሳይንስ መጽሐፍ «ካሪ አውት ዘ ፎሎዊንግ ኤክስፐሪመንት» የሚል ትእዛዝ ያጋጠመው፣ «ካሪ» ተሸከመ፣ «አውት» ውጭ መሆኑን ያጠና ተማሪ፣ «ሙከራውን ተሸክመህ ውጣ» ብሎ ቢረዳው ነገሩ የሚያስቀው ለሚያውቀው ብቻ ነው። ተማሪው ሁለቱንም ቃላት ያውቃል፤ የማያውቀው ሁለቱ ሲጣመሩ «አከናውን» ማለት መሆናቸውን ነው። ምግብ በሆድ ውስጥ ሲልም «ብሬክ ዳውን»፣ ሙቀት ከአንድ ነገር ሲወጣ «ጊቭ ኦፍ»፣ አንድ አካል ከምን እንደተሠራ ሲነገር «ሜድ አፕ ኦቭ» ይባላል። የባዮሎጂው መምህር «ኤንዛይም» ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ደቂቃዎች ያጠፋል፤ «ብሬክ ዳውን»ን ግን ቀላል ቃል ነው ብሎ ያልፈዋል። አስቸጋሪ የሚመስለው ቃል ይብራራል፤ ቀላል የሚመስለው፣ በእውነቱ ግን የዓረፍተ ነገሩ ቁልፍ የሆነው፣ ሳይብራራ ይቀራል።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ውጤቱን በቋንቋ ብቻ ማሳበብ ስሕተት ይሆናል። ነገር ግን ፈተናው የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የቋንቋውን ድርሻ ሳይመረምሩ ማለፍም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1986 ስቶዳርት በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛን አጠቃቀም አጥንተው ማስተማሪያው ቋንቋ ለትምህርቱ መሰናክል ወደ መሆን መድረሱን ካመለከቱ እነሆ ብዙ ዘመን አልፏል።

ችግሩ የኢትዮጵያውያን ብቻ አለመሆኑ እርግጥ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተሙት መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ የባዕድ አገር ሰው ከሚቸገርባቸው ነገሮች አንዱ ግሥ ከአጃቢ ቃል ጋር መጣመሩ እንደሆነ አስቀድመው ተናግረዋል። ለኢትዮጵያ መምህራን ይበልጥ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ1985 ዳጉትና ላውፈር በዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ላይ ያወጡት ጥናት ነው። ተማሪዎቹ ጥምር ግሥ በሚያስፈልግበት ቦታ እየሸሹ አንድ ወጥ ግሥ መምረጣቸውን ጥናቱ አሳይቷል፤ ለዚህም የተሰጠው ምክንያት ዕብራይስጥ እንዲህ ያለ ግሥ የሌለው መሆኑ ነው። ዕብራይስጥ እንደ አማርኛ ሴማዊ ቋንቋ ነውና «የኛም ተማሪ እንዲሁ ነው» ብሎ ለመደምደም ይቃጣል። መደምደሚያው ግን በችኮላ የሚወሰድ አይደለም፤ ምክንያቱም አማርኛ በዚህ ረገድ ባዶ እጁን አይደለም።

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ መውረጃው ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ይላል። በዚህ አጭር አነጋገር አቅጣጫው ያለው ግሡ ውስጥ ነው። አማርኛ «ወጣ፣ ወረደ፣ ገባ፣ ተሻገረ» እያለ አቅጣጫን በግሡ ይናገራል፤ አኳኋኑን መግለጥ ሲፈልግ ደግሞ ሌላ ግሥ ያስቀድማል፤ «ሮጦ ወጣ»፣ «ዘልሎ ገባ»፣ «ተንከባልሎ ወረደ»። እንግሊዝኛ አኳኋኑን በግሡ፣ አቅጣጫውን በአጃቢው ቃል ይገልጣል፤ «ራን አውት»፣ «ጃምፕት ኢን»፣ «ሮልድ ዳውን»። ሊዎናርድ ታልሚ እ.ኤ.አ. በ1985 የዓለምን ቋንቋዎች በዚሁ ልዩነት ለመመደብ ሞክረዋል። ሁለቱ አነጋገሮች አንዱ ከአንዱ ሥር ሲጻፉ ግን አንድ አስደሳች ነገር ይታያል፤ «ሮጦ» ከ«ራን»፣ «ወጣ» ከ«አውት» ትክክል ይውላሉ። ስለዚህ ተማሪው «ራን»ን «ሮጠ» ብሎ ተርጉሞ «አውት»ን እንደ ጌጥ ከመተው ይልቅ፣ አጃቢውን ቃል እንደ ዋና ግሥ፣ ግሡን ደግሞ እንደ ቀዳሚው «ሮጦ» አድርጎ ማንበብን ቢለምድ፣ ብዙ የቦታና የእንቅስቃሴ ጥምር ግሦች ያለ ሽምደዳ ይገቡታል። ዝርዝሩ ይህን አያሳይም፤ በቀኙ ረድፍ ያለው አንድ ወጥ የአማርኛ ቃል አጃቢውን ቃል ውጦ ያስቀረዋልና።

ከዚህም የሚበልጥ መመሳሰል «አለ»ን ይዘው በሚነገሩት የአማርኛ ግሦች ይገኛል። «ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ጋደም አለ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ፈቀቅ አለ» የሚሉት ከ«ስታንድ አፕ፣ ሲት ዳውን፣ ላይ ዳውን፣ ቤንድ ዳውን፣ ሉክ አፕ፣ ሙቭ ኦቨር» ጋር በአሳብ ይገጥማሉ። «ቁጭ አለ» ሲባል ማንም አንዳች ነገር «እንዳለ» ማለትም እንደተናገረ አይገምትም፤ «አለ» የራሱን ትርጉም ጥሎ መያዣ ብቻ ሆኗል። በ«ጌት አፕ» ውስጥ ያለው «ጌት»ም እንደዚሁ «አገኘ» ማለት መሆኑ ቀርቶ መያዣ ሆኗል። ልዩነቱ አማርኛ ክብደቱን በፊተኛው ቃል፣ እንግሊዝኛ በኋለኛው ላይ ማድረጉ ነው። በእርግጥ «ብድግ» ለብቻው አይነገርም፤ «አፕ» ግን በራሱ የሚቆም ቃል ነው፤ ንጽጽሩ ከመጠን በላይ ቢለጠጥ ይበጠሳል። ለመግቢያ ያህል ግን ከዚህ የተሻለ በር አይገኝም፤ በተለይም ተማሪዎቹ በክፍሉ ውስጥ ብድግና ቁጭ እያሉ ሊማሩት ስለሚችሉ።

አጃቢ ቃል ትርጉምን የሚገለብጥ መሆኑም ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። የመሬት ክርክር ሰምቶ ያደገ የገጠር ልጅ ዳኛው «ፈረደለት» በማለትና «ፈረደበት» በማለት መካከል ያለውን ልዩነት ሰዋስው ሳይማር ያውቃል። «ደረሰለት» ሲባል ረዳው ነው፤ «ደረሰበት» ሲባል ግን መከራ አገኘው፣ ወይም የሸሸገው ነገር ታወቀበት ማለት ነው። ግሡ አንድ ነው፤ ትርጉሙን የለወጡት «ለ» እና «በ» ናቸው። «ሉክ ፎር» ፈለገ፣ «ሉክ አፍተር» ተንከባከበ፣ «ሉክ ኢንቱ» መረመረ መሆኑን ከዚህ ተነሥቶ ማስረዳት ይቻላል። በቡሬ ገበያ አንድ ነጋዴ «በርበሬው አለቀብን» ሲል እንግሊዝኛው «ዊ ራን አውት ኦቭ ፔፐር» ይላል፤ የ«ብን»ን ስሜት ያለ አጃቢ ቃል ማምጣት ያዳግታል።

ተሳቢ ተውላጠ ስም የሚገባበትም ቦታ እንዲሁ ከአማርኛው ሊበራ ይችላል። አጃቢው ተውሳከ ግሥ ሲሆን «ፑት ኢት አውት» ይባላል እንጂ «ፑት አውት ኢት» አይባልም፤ «አጥፋው» ሲባልም «ው» ከግሡ ጋር ይጣበቃል። አጃቢው መስተዋድድ ሲሆን ግን «ሉክ አፍተር ኢት» ይባላል፤ «ፈረደበት» ውስጥም ተውላጠ ስሙ የሚመጣው ከ«በ» በኋላ ነው። ይህ ነጥብ በክፍል ውስጥ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም።

ይሁንና አማርኛ ሁልጊዜ አጋዥ አይደለም፤ የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ። «ጠብቀኝ» ያለ ተማሪ «ዌይት ሚ»፣ «ራዲዮ አዳመጥሁ» ያለ «ሊስንድ ዘ ራዲዮ»፣ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ያለ ደግሞ «ዲስከስድ አባውት» ቢል የሚጠበቅ ነው። «በ» ብቻዋን «አት ሆም»ን፣ «ዊዝ ኤ ፔንስል»ን፣ «ኦን መንደይ»ን፣ «ባይ ካር»ን ሁሉ ትሸከማለች። እዚህ ላይ ንጽጽሩ ስሕተቱን አስቀድሞ ለማወቅ እንጂ ትክክለኛውን ለማግኘት አይረዳም፤ መልመጃ ያስፈልጋል።

መዝገበ ቃላትን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ1973 የታተሙት ሁለቱ ሥራዎች ዛሬም ሊወሱ ይገባል። የአምሳሉ አክሊሉና የሞዝባክ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት መጠኑ ለተማሪ የሚስማማ፣ ትርጉሙን ባጭሩ የሚሰጥ ነው። የቮልፍ ሌስላው ዳጎስ ያለ ሥራ ደግሞ ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ ይተረጉማል፤ ጥምር ግሥን ለሚያስተምር መምህር ይህ አሠራር እጅግ የተሻለ ነው፤ ትርጉሙ ካለ ዓረፍተ ነገር አይጨበጥምና። የሁለቱም የጋራ ውስንነት ከመዝገበ ቃላት ባሕርይ የመነጨ ነው፤ በግሡ ፊደል ተራ ስለሚሄዱ የ«አፕ» ቤተሰብ በየገጹ ይበተናል። «ኢት አፕ»፣ «ድሪንክ አፕ»፣ «ዩዝ አፕ» ጎን ለጎን ቢቀመጡ ግን «አፕ» በእነርሱ ዘንድ «በልቶ ጨረሰ፣ ጠጥቶ ጨረሰ» እንደሚባለው «ጨረሰ» ማለት መሆኑን ተማሪው ራሱ ይደርስበታል። ዝርዝር የግድ ካስፈለገ በአጃቢው ቃል የተመደበ ዝርዝር ይሁን።

ምን ያህሉ ይመረጥ የሚለው ጥያቄም መልስ አለው። ጋርድነርና ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2007 በብሪታንያ ብሔራዊ የጽሑፍና የንግግር ክምችት ውስጥ ከ518,000 በላይ ጥምር ግሦችን ቆጥረው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 20 ግሦች ከ8 አጃቢ ቃላት ጋር በመጣመር የተገኙ መሆናቸውን አሳይተዋል። ቆጠራው የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ ቆጠራ ስላልሆነ እንዳለ አይወሰድም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በቆዩበት ሁኔታ፣ የባከነውን ጊዜ ለማካካስ የሚሞክር መምህር መቶ ጥምር ግሥ እንዲያሸመድድ መጠየቅ ከንቱ ነው። ስምንት አጃቢ ቃላትን በሚገባ ማስተማር ግን ይቻላል። ፈተናውም በዚያው ልክ ሊለወጥ ይገባዋል፤ ባዶ ቦታ ከማስሞላት ይልቅ «ዘ ኦልድ ማን ጎት ኦፍ አት ቡሬ ኤንድ ዎክት አክሮስ ቱ ዘ ማርኬት» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰጥቶ፣ «ወረደ» የሚለውን የያዘው ቃል የትኛው ነው፣ «ተሻገረ» የሚለውንስ የያዘው የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ይበቃል።